«የስዊድን ቆዳ» ያልሽው ወንበር

ለቀቀ! እትዬ፣ ለቀቀ! ከፎቶ አንሺው መኪና ወንበር ላይ ያ ቅባት ድራሹ ጠፋ! ላም የላሰችው ጥጃ መስሎ ተጣብቆ የኖረው ጨርቅ ቀና ቀና ብሎ ቆመ፤ በመዳፍ ወዲህ ሲሉት ፈካ ይላል፣ ወዲያ ሲሉት ጠቆር ይላል፣ ልክ አዲስ ሳለ እንደነበረው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ፊደሌ ተወላግዶ ካየሽ ከደስታ ነው፤ አርጅታለች ብለሽ ደግሞ ደስ እንዳይልሽ።

ውድ እትዬ፣ አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ልጅሽና የልጅ ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኔ በበኩሌ ከተዳርኩ ወዲህ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

«አንቺ» ማለቴን አይተሽ መነጽርሽን አውልቀሽ እንደጠረግሽው አውቃለሁ። መነጽሩ ምንም አልሆነ፣ መልሰሽ አድርጊው። የባሌ ታላቅ እህት ነሽና ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ስልሽ ኖሬያለሁ። ስትመርቂኝም አንቱ፣ ስትቆጪኝም አንቱ። ያባረርሽኝ ቀን እንኳ «ኧረ እትዬ፣ እኔ አልነካሁትም፣ ይመኑኝ» እያልኩ ነው ከግቢሽ የወጣሁት። እያባረሩት «ይመኑኝ» የሚል ሰው ከእኔ ሌላ አይተሽ ታውቂያለሽ? «እትዬ»ን አልነጥቅሽም፤ እሱ ከወንድምሽ ጋር የመጣ ነው። አንቱታውን ግን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መልሼ ወስጄዋለሁ።

መቼም ሥራውን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህን ብክድ እግዜርም አይወድልኝ። ወደ መኪና ማጠቢያሽ፣ ወደ ላቫጆሽ ስመጣ የማውቀው እቃ ማጠብ ነበር። መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ ሲወለወል እንደሚጠራ ያሳየሽኝ አንቺ፣ የበር እጀታ ሥር በጥርስ ብሩሽ እንደሚገባ ያሳየሽኝ አንቺ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ቤት ስተኛ የእኔን ሥራ በእኔ ፈንታ ሠርተሽ «ቦታዋ የእሷ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብለሽ እንደጠበቅሽልኝ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እናቴ ሞታ ስለነበር ሌላ እናት አገኘሁ ብዬ በልቤ አልቅሻለሁ፤ ለአንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ለዚህ ነው በኋላ ያደረስሽብኝ ውርደትም እስከ አጥንቴ የገባው። ባዳ ቢያዋርደኝ ኖሮ እኔም ሰድቤው ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ፎቶ አንሺው ሙሽሮችን የሚጭንባትን መኪና ያመጣ ዕለት ትዝ ይልሻል? እንዴት አይልሽም! ከውጭ ተራ መኪና፣ በሯ ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም። ወንበሩ፣ የበሩ ውስጥ፣ መሪው፣ ጣሪያው ሳይቀር በግራጫ ልስልስ ጨርቅ የተለበጠ፤ የሕፃን ጭንቅላት ይመስል ጠጉሩ አጭር፣ ለስላሳ። እኔ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ነው የነካሁት። ፎቶ አንሺው ቁልፉን ሲሰጠን «ሱዊድ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሱዊድ ነው፣ አደራ በጥንቃቄ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ያልሽውን እኔ አልረሳም፣ እዚህ ላይ አንድ በአንድ ልጻፍልሽ።

«ምንድን ነው ያለው?» አልሽኝ።

«ሱዊድ ነው አለ፣ እትዬ።»

«ስዊድን በይ! የስዊድን ቆዳ ነዋ! ብርድ አገር ስለሆነ ከብቱ ጠጉራም ነው። አታዪውም ጨፈር ጨፈር ሲል?»

«ሰው ሠራሽ ነው ብሏልኮ።»

«ታዲያ ማን እንዲሠራው ፈልገሽ ነበር? መልአክ? ሁሉንም ነገር ሰው ነው የሚሠራው!»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ እውነት ይመስላላ! ቀጠልሽና «ቆዳ ደግሞ ቅባት ይወዳል» አልሽ። እኔ «ጠጉሩን በደረቁ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ብናነሳውስ?» ብል «አንቺ ጓሮ ሄደሽ ምንጣፍ እጠቢ» ብለሽ ሰደድሽኝ። ምንጣፉን አጥቤ አስጥቼ ስመለስ የሾፌሩም፣ የኋላውም ወንበር በቆዳ ቅባት ተለቅልቆ ያብለጨልጫል። እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ሽታው ነው። የአዲስ ጫማ ሽታ።

«ምነው እትዬ?» አልኩሽ።

«ዝም በይ፣ ይጠጣዋል። ቆዳ ነው» አልሽ።

አልጠጣውም። ጨርቅ ምኑን ይጠጣል! ጠጉሩ ተጣብቆ፣ ጠቁሮ፣ ደርቆ ቀረ። አንቺ ቅባቱ አነሰው ብለሽ ደገምሽበት። ፎቶ አንሺው መጥቶ በሩን ሲከፍት የጮኸው ጩኸት የሰርግ ሳይሆን የለቅሶ ነበር። አንቺስ ምን አልሽ? ዞር እንኳ ሳትይ፣ እጅሽን በመቀነትሽ እየጠረግሽ፣ «ይቺ ናት! ተይ ብያት ነበር፣ ተይ ብያት ነበር!» እጅሽን የጠረግሽበት መቀነት ላይ ቅባቱ ነበረበትኮ እትዬ። እኔ አየሁት። አፌን ከፍቼ አየሁት፣ ግን አፌን የከፈትኩት ለመናገር አልነበረም፤ ከመደንገጥ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር እኔ ወደ አንቺ ዞርኩ፣ አንቺ ደግሞ ወደ መሬት።

በዚያው ዕለት አባረርሽኝ። እሱስ ይሁን። ሥራ ይሄዳል፣ ሥራ ይመጣል። ስም ግን የሄደ ቀን ማን ይመልሰዋል? የመንገዱ ሰው ሁሉ «ቅባቷ» አለኝ። ጎሚስታው ጎማ እየጠገነ «ቅባቷ፣ እንደምን አደርሽ»። መለዋወጫ ሻጭዋ «ቅባቷን ጥሩልኝ»። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ቅባቷ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን አልኳት መሰለሽ? «የምታምር ማለት ነው» አልኳት። እሷም ደስ ብሏት ለጓደኞቿ ነገረች። ከዚያ በኋላ አንድ መኪና ለመንካት እጄን ስዘረጋ ባለመኪናው «ተይ፣ አንቺ አትንኪው» ይል ጀመር። እጄን፣ አንቺ ያስተማርሽውን እጅ፣ እንደ ሌባ እጅ ኪሴ ውስጥ ከትቼ መሄድ ለመድኩ።

ወንድምሽንማ እቤት ጠየቅሁት። «አንተ ግቢ ውስጥ ነበርክ፤ ማን እንደቀባው አላየህም?» ስለው ካልሲውን እያወለቀ «እኔ አላየሁም» አለኝ። ካልሲውን እያወለቀ! እኔም አመንኩት። ቤቱን የሚያስተዳድር ባል ምን አጥቶ ይዋሻል ብዬ።

አሁን ደግሞ የበቀሉን ጉዳይ ስሚ። ዝም ብዬ የተቀመጥኩ መሰለሽ? የወንበር ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ ታፒሴሪ ሠሪው፣ አንቺ «አኩራፊው» የምትያቸው፣ ከሱቃቸው ጎን አንዲት ጥግ ሰጡኝ። «እዚህ ቁጭ በይ፣ ብቻ እንዳታለቅሺብኝ፣ ጨርቅ ይረጥባል» አሉኝ። ሲቆርጡ የሚተርፋቸውን የሱዊድ ቁራጭ ሁሉ ለእኔ ይሰጡኝ ጀመር። እኔስ ምን አደረግሁበት? ያንኑ የአንቺን ቅባት ገዛሁ፣ ያንኑ የሚሸተውን፣ ያንኑ ቆርቆሮ፣ እና ቁራጮቹን ራሴ ቀባኋቸው! እያንዳንዷን ስቀባ የአንቺን ፊት አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ አስለቅቃለሁ። ስቀባ በቁጣ፣ ሳስለቅቅ በትዕግሥት። ሽማግሌው «አንቺ ሴት፣ ጨርቁን ምን በደለሽ?» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ያበላሸሁት ቁራጭ ቢቆጠር ለአንድ አውቶቡስ ወንበር ይበቃል። በውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ደርቆ ካርቶን ሆነ። በጠንካራ ብሩሽ ፈተግሁት፣ ተመልጦ የአሮጌ ሰው ራስ መሰለ። በቀይ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ቀዩ ለቆ ግራጫው ቀላ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ጠጉሩ ቆመ ስል ተሰባበረ። እየተበሳጨሁ፣ እየሳቅሁ፣ አንቺን እየረገምኩ መጨረሻ ላይ ጠባዩ ገባኝ። ይህ ጨርቅ ኩሩ ነው እትዬ፤ በግድ አይሆንም። መጀመሪያ አቧራውን በማሽን ትስቢለታለሽ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ብቻ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክረሽ ጠብታ እስከማይወጣው ጨምቀሽ እንደ ሕፃን ግንባር ጠቅ ጠቅ ታደርጊዋለሽ እንጂ አትፈትጊውም። ቅባት ሲሆን ጨርቁን አልኮል አስነክተሽ ከዳር ወደ መሀል ነው፤ ከመሀል ወደ ዳር ከሄድሽ እድፉን እያሰፋሽው ነው። ጣሪያውንማ እርጥበት ሸተት ካደረግሽለት ይበቃዋል፤ ሙጫው ከለቀቀ ጣሪያው ራስሽ ላይ ይወርዳል። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩን ታነሽዋለሽ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዴ አይበቃም። መቼም አንዴ አይበቃም። ይህን የምጽፍልሽ እንድትማሪው ብዬ አይደለም፤ ያልሞከርሽው ምን እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

ቀስ በቀስ ሰው መጣ። ለነገሩ መኪናው ሁሉ እንዲህ ያለ ጨርቅ እየለበሰ ነበር የሚመጣው፤ አንቺ ደግሞ በርሽ ላይ ቆመሽ «ስዊድን አንቀበልም! ስዊድን አንቀበልም!» እያልሽ ትመልሺያቸው ነበር። የሚመለሱት ወዴት ይመስልሽ ነበር? ወደ ሽማግሌው ሱቅ፤ እሳቸውም በአገጫቸው ወደ እኔ ጥግ። «ላቫጆው ደከመኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ» ብለሽ ዘግተሽ ወደ ልጅሽ ከተማ ስትሄጂ እኔ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼሽ «በሰላም ይግቡ» አልኩሽ። በልቤ ያልኩትን ግን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ደብዳቤውን ልጅሽም ታነብበዋለች።

ወንድምሽ ያኔ ሥራ ስላጣ እኔ ጋ ውሃ ማመላለስ ጀመረ። ባልዲ ተሸካሚ ሆነልኝ። በይ እንግዲህ፣ ያለፈው ሳምንት ሆነ።

ጠዋት ነው። ፎቶ አንሺው መኪናውን ከሱቁ በር አቁሞ ወረደ። አየሁት፣ አልተደበቅሁም። ለሽማግሌው «የሱዊድ ጠጉር የሚያነሱ ሴት አሉ ብለውኝ ነበር፤ ሙሽራ ባስቀመጥኩ ቁጥር ወንበሩ ላይ አንሶላ እያነጠፍኩ ሰለቸኝ» አላቸው። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ። ፎቶ አንሺው ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ይቺ?» አለ። «ይቺ ቅባቷ አይደለችም እንዴ?»

«እሷው ናት» አሉ ሽማግሌው፣ መርፌያቸውን ሳይነቅሉ።

«መኪናዬን የገደለችው ራሷ ናትኮ! ለሕክምና ገዳይዋ ጋ ነው የምትልኩኝ?»

ጎሚስታው ብድግ አለ። መለዋወጫ ሻጭዋ ከሱቋ ወጣች። ሁሉም ቆመ። እኔም ያን የተለማመድኩትን ነገር አደረግሁ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ፎቶ አንሺው ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ መኪናው ተመለሰ። በሩን ከፈተ። ከዚያ ከኋላዬ፣ ከባልዲ ውስጥ የወጣ በሚመስል ድምፅ፣

«እሷ አልቀባችውም።»

ወንድምሽ ነው። በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ይዞ ቆሟል።

«ምን አልክ?» አለው ፎቶ አንሺው።

«እሷ አልቀባችውም። እህቴ ናት የቀባችው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አይቻለኋ።» ባልዲዎቹን አስቀመጠ። «ቅባቱንም ከሱቅ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ፣ እኔ ያደረግሁትን ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው። አንዱን ባልዲ አነሳሁ።

«ኧረ ተይ!» አለኝ ጎሚስታው፣ «ውሃው ከሩቅ ነው የመጣው!»

«ካልሲህን እያወለቅህ አላየሁም አላልከኝም?» አልኩት ወንድምሽን።

«እህቴ ናት... ያሳደገችኝ እህቴ...»

«እኔስ? የጎረቤት ሚስት ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ጮክ በል!»

«አይደለሽም! ሚስቴ ነሽ!»

መለዋወጫ ሻጭዋ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ሰርግ መሰላት መሰል። ባልዲውን አልደፋሁበትም፤ መሬት አስቀመጥኩት፣ እጄን ከኪሴ አወጣሁ፣ ለፎቶ አንሺውም «ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት። «አንሶላህን አንሳልኝ፣ መኪናህን ጥላ ሥር አቁምልኝ፣ እና ሄደህ ሰው ፎቶ አንሳ። እኔ ስጠራህ ትመጣለህ።» ቁልፉን ከጣቱ አውልቆ ሰጠኝ።

ከዚያ ጀምሮ ያንን ወንበር ጠላቴን እንደማስታምም አስታመምኩት። አቧራ፣ ጨርቅ፣ አልኮል፣ ጥላ፣ ብሩሽ፣ ደግሞ እንደገና። በየጊዜው ነጩ ጨርቅ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ለወንድምሽ አሳየዋለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» እለዋለሁ። «ቅባት ነው» ይላል። «የማን?» እለዋለሁ። «የእህቴ» ይላል። ሳልሰለች ጠየቅሁት፣ እሱም ሳይሰለች መለሰ። ምን ያድርግ! አሁን ደግሞ ለቅጣቱ የጭቃ ምንጣፍ ማጠብ የእሱ ብቻ ሥራ ሆኗል፤ እስኪሸብት ድረስ። ጠጉሩ ጀምሮታል፣ ግን ገና ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደገምኩት፣ ነጭ። ብሩሹን ሳሳልፍበት ጠጉሩ ተከተለኝ። ፎቶ አንሺውን አስጠራሁት። መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ መዳፉን በወንበሩ ላይ አሳለፈው፤ ፈካ። መለሰው፤ ጠቆረ። እንደ ሕፃን ደጋግሞ አሻሸው። ከዚያ ቀና ብሎ ምን አለኝ መሰለሽ?

«እጅዎ ይባረክ።»

እጅሽ አይደለም እትዬ! «እጅዎ»! ያ ይቺ ቅባቷ አይደለችም እንዴ ያለው አፍ! እኔን አንቱ አለኝ፣ ጎሚስታው እየሰማ፣ ሽማግሌው እየሰሙ፣ ወንድምሽ ባልዲ ይዞ እየሰማ። ወንበሩን ፎቶ አነሳው፣ እኔንም አነሳኝ፣ እጄን ብቻ ለብቻ አነሳው። በጉርድ ፎቶ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ የምወጣ ሴት እጄ አምሮ ወጣልኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መስማት አትፈልጊም፣ እኔ ግን መጻፍ እፈልጋለሁ። ጎሚስታው ሳቁን መያዝ አቅቶት «ለካ ቅባቷ ሌላ ከተማ ነው ያለችው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ዛሬ ጠዋት መለዋወጫ ሻጭዋ «የቅባቷ ወንድም፣ እንደምን አደርክ» ስትለው ወንድምሽ አቤት አለ። እንግዲህ ስምሽን ተረከቢ። ብዙ ጊዜ ተሸክሜልሻለሁ፤ አልተቀደደም፣ አልቆሸሸም፣ እንደሰጠሽኝ ነው። የልጅ ልጆችሽ ምን ማለት እንደሆነ ከጠየቁሽ «የምታምር» በያቸው፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ለጊዜው ይሠራል።

አሁን ይህን ስታነቢ ስልክ አንስተሽ ወንድምሽ ላይ ልትጮሂበት ነው። ደውይ። ስልኩ እኔ ጋ ነው።

ሌላም ዜና አለ፤ ሥሩ ሲነቀል ቅርንጫፉም ይከተላል። የግቢው ባለቤት ነገሩን ሰምተው ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ሱቅ ድረስ መጡና የላቫጆሽን ግቢ ለእኔ ሰጡኝ። «ድሮም ከእናንተ ቤት የሚሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር» አሉ። ስለ አንቺ አንድም ክፉ አልተናገርኩም፤ ሰው ሲናገር ግን አላቋረጥኩም። አሮጌውን ወንበርሽን፣ አንዱ እግሩ አጭር የሆነውን፣ አንቺ ተቀምጠሽበት የምታዢበትን፣ አልጣልኩትም፤ ወንድምሽ ምንጣፍ ሲያጥብ ይቀመጥበታል።

አንድ ነገር ብቻ አበሳጨኝ፣ እሱንም ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ ይበልሽ። አስቀድሜ ለምልክት ጻፊው ሰው «የሱዊድ ጽዳት» ብለህ ጻፍልኝ ብዬው ነበር። ጽፎ ሲያመጣው ሳየው «የስዊድን ጽዳት» ይላል፤ ከነ ላሟ ሥዕል! «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው «እዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ስዊድን ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ «ስዊድን ነው፣ ታነሽዋለሽ?» ይለኛል። ቃልሽ በከተማው ሁሉ ቀርቷል፤ ያንቺ ከሆነው ነገር ሁሉ የቀረው እሱ ነው። ላሟን አስጠፋኋት፣ ቃሉን ግን ተውኩት። ተናድጄ፣ ተናድጄ፣ መጨረሻ ላይ ሳቄ መጣ።

ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ ትይኛለሽ። ወንድምሽ መሰከረልኝ፣ ወንበሩ መሰከረልኝ፣ ግን እኔ የምፈልገው ያንቺን አፍ ነው። ያ «ይቺ ናት» ያለው አፍ ሳይዞር ስሜ ጠራ ብዬ አልተኛም። ላቫጆውን ስንመርቅ ትመጫለሽ። ፎቶ አንሺው የሰርግ ድምፅ ማጉያውን ያመጣል። መንገዱ በሙሉ ይኖራል። አንቺም ድምፅ ማጉያውን ተቀብለሽ «የቀባሁት እኔ ነኝ» ትያለሽ። ሦስት ቃል ናት። ንግግር አድርጊ አላልኩሽም፣ ተንበርከኪ አላልኩሽም፤ ጉልበትሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ካልሽ በኋላ አቅፌ እስምሻለሁ፣ ከልቤ። ካላልሽም አቅፌ እስምሻለሁ፣ ግን ጉንጭሽን እነክሰዋለሁ፣ ፎቶ አንሺውም ያነሳናል።

ጉልበቴን እንዳትይ፤ ልጅሽ በመኪና ታመጣሻለች። ልጄ አይመቻትም እንዳትይ፤ ለእሷ አስቀድሜ ደውያለሁ፣ «ከእናቴ ጋር ልጆቹንም ይዤ እመጣለሁ» ብላለች። የምለብሰው የለኝም እንዳትይ፤ ሰማያዊው ልብስሽ ያምርብሻል፣ ሁሌም ያምርብሽ ነበር። ጎሚስታው ሱቁን ይዘጋል፣ መለዋወጫ ሻጭዋ ትዘጋለች፣ ሽማግሌው መርፌያቸውን ያስቀምጣሉ፣ ወንድምሽ ካልሲ ሳያደርግ በሩ ላይ ቆሞ ይቀበልሻል፣ እኔ አዝዤዋለሁ። ማንም ሰው ሊቀር አይችልም፤ አንቺ ከቀረሽ ደግሞ ድምፅ ማጉያውንም መንገደኛውንም ይዤ በራፍሽ ድረስ እመጣለሁ።

እንግዲህ እኔ፣ የወንድምሽ ሚስት፣ እጄን አንስቼ ጽፌልሻለሁ። የምንመርቅበት ቀን መጪው እሁድ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ከምሳ በኋላ፤ ሁላችሁም፣ ማንም ሳይቀር፣ እሁድ።